ለአንድ ዳገት ሁለት ዕቅድ ላወጣልን ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የልማትና የአካባቢ ጥበቃ ማቀናጃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ የዕቅድ አፈጻጸም ዘወትር ከመቶ በመቶ በላይ እንዲሆን፣ ወገብዎ በየሩብ ዓመቱ ለችግኝ ተከላ ሲያጎነብሱ እንዳይዝልብዎ፣ ቤተሰብዎም በደረቅ ቤት በሰላም እንዲከርም ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከዳገቱ ሥር የምንኖር ዜጎች እስከ መጪው ክረምት መግቢያ ድረስ በጣም ደህና ነን።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ሲሚንቶ፣ ገመድ፣ ሜትር፣ ውሃ ማጠጫና የችግኝ ላስቲክ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ከሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ወደ ፊት ስመለከት የእርስዎን ደረጃ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ሳዞር ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ የሚያስተዳድረውን ዳገት አያለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ያየሁትን በማስታወሻ ደብተር የመጻፍ የቆየ ልማድ ስላለኝ ሰፈሩ «መዝጋቢው» ይለኛል። ከሱቄ ቀጥሎ ያለው የልብስ ስፌት ቤት የታላቅ እህቴ ነው፤ ከፊት ትሰፋበታለች፣ ከኋላ ትኖርበታለች፣ የጓዳዋም ግድግዳ ዳገቱን ተደግፎ ነው የቆመው። ይህን ግድግዳ በኋላ ስለምንፈልገው በአእምሮዎ ጥግ ያስቀምጡልኝ፤ ለጊዜው ግን ስለ ደስታዬ ላውራ።

ደስታዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ሳምንት አንድ ተራ ነገር ለማጣራት ደብተሬን ስከፍት ዓይኔ ስለ ጽሕፈት ቤትዎ የጻፍኳቸው ገጾች ላይ አረፈ፤ አንዱን ሳነብ ሌላውን፣ ሌላውን ሳነብ ያኛውን እያልኩ ብቻዬን በሳቅ ስፈነዳ እህቴ መቀሷን እንደያዘች ሮጣ መጥታ «ምን ነካህ? ሎተሪ ወጣልህ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከሎተሪ የሚበልጥ ነገር እንደወጣልን፣ ልማትና አካባቢ ጥበቃ በዓይናችን ፊት እንደተቀናጁልን ነገርኳት። እንዲህ ያለ ደስታ ለብቻ ተይዞ የሚቀር አይደለምና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉድጓዶቹ አመሰግናለሁ። በማስታወሻዬ መሠረት ባለፉት ሁለት ዓመታት በዳገቱ ላይ ሰባት ጊዜ ችግኝ ተተክሏል፤ በየጊዜው የተተከለው አራት መቶ ነው፤ ስለዚህም በመግቢያዎ ላይ በትልቁ የተሰቀለው ሰሌዳ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ችግኞች እንደተተከሉ መግለጹ ከስሌት አንጻር እንከን የሌለው እውነት ነው። ሰሌዳው በቦታ ጥበት ምክንያት ያልጠቀሰው አንድ ትንሽ ነገር ቢኖር ጉድጓዶቹ ሁልጊዜ እነዚያው አራት መቶዎቹ መሆናቸው ብቻ ነው። እንግዶች መጥተው ተክለው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ የግንባታ ሠራተኞች መጥተው ችግኞቹን ነቅለው በቦታው ቦይ ይቀድዳሉ፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቦዩ ይደፈንና ጉድጓዱ እንደገና ይቆፈራል። ሻምበል የምንለው የዳገቱና የግቢዎ ዘበኛ፣ ወታደር ሆኖ ባያውቅም አቋቋሙ ያንን ማዕረግ ያሰጠው ሰው ነው፣ ጉድጓዶቹን ከቤተሰቡ እኩል ስለሚያውቃቸው ለአላፊ አግዳሚው በጣቱ እየጠቆመ «ያቺ የክቡርነታቸው ጉድጓድ ናት፤ ሰባቴ ተክለውባታል፣ አንዴም አልጸደቀችላቸውም፤ እኔ ብሆን ቦታ እለውጥ ነበር» እያለ ያስጎበኛል። በስምንተኛው ሩብ ዓመት ተከላው ለምን እንደቀረ በወቅቱ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ እውነቱ ግን ሱቄ ውስጥ አካፋ አልቆ ስለነበረ ነው፤ ብሔራዊ ዕቅዱን በማጓተቴ በይፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ሳልደብቅ ልናዘዝ። ለተከላው የሚያስፈልገውን ላስቲክና ውሃ ማጠጫ የምሸጠው እኔ ነኝ፤ ለመንቀያው የሚያስፈልገውን ዶማና ባሬላ የምሸጠውም እኔው ነኝ። አንድ ዳገት በዓመት አራት ጊዜ እየለማ አራት ጊዜ እየፈረሰ እንደ እኔ ያለውን ነጋዴ ቀጥ አድርጎ ሲያቆም ማየት፣ እርስዎ በየስብሰባው ዘላቂ ልማት የሚሉትን ነገር ትርጉሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አስረድቶኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ላስቲኩ አመሰግናለሁ። እኔ በሞኝነቴ ችግኝ ከመተከሉ በፊት ላስቲኩ ተቀድዶ ይወጣል ብዬ አስብ ነበር፤ ሥር የሚሰደደው አፈር ውስጥ ነው ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው ያሳሳቱኝ። የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ክፍል ግን እያንዳንዱ ላስቲክ በደረሰኝ ገቢ የሆነ የመንግሥት ንብረት መሆኑን፣ ተቀድዶ የተገኘም እንደሆነ ተካዩ እንደሚጠየቅበት በደብዳቤ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አራት መቶውም ችግኝ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ይገባል፤ ቆጣሪው ጎንበስ ብሎ ማየት እንዲችልም የላስቲኩ ከንፈር ከአፈሩ በላይ አራት ጣት ያህል ብቅ እንዲል ይደረጋል። ዳገቱ ከሩቅ ሲታይ አራት መቶ ስኒ የተደረደረበት ጠረጴዛ ይመስላል። ችግኙ ባይጸድቅም ላስቲኩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል፤ ነቃዮቹም በሁለት ጣት መዘዝ ስለሚያደርጉት ሥራው ቀለለላቸው።

ሦስተኛ፣ ስለ ታላቁ የስትራቴጂ ሰነድ አመሰግናለሁ። በሕዝብ ውይይቱ ቀን ከታደሉት ቅጂዎች አንዱ ስለደረሰኝ ገበያ በቀዘቀዘባቸው ቀናት ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩት፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሰውየው ምን ሥራ ፈትቶ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እኛ ነጋዴዎች የምንፈርምበትን ብቻ ሳይሆን የሚፈረምብንንም ማንበብ ግዳችን ነው። በገጽ አርባ አንድ ላይ ዳገታችን ለግንባታ የተከለለ ቦታ ነው ይላል። በገጽ አንድ መቶ ስልሳ ሦስት ላይ ያው ዳገት ለደን ጥበቃ የተከለለ ቦታ ነው ይላል። እስከ መቶኛው ገጽ ያለውን የልማት ዴስክ ብቻውን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የአካባቢ ዴስክ ብቻውን ከጻፉት በኋላ ሁለቱ በአንድ ሽፋን መጠረዛቸውን ስረዳ ያ ሁሉ መትከልና መንቀል እንደ ፀሐይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ለካ ማንም አልተሳሳተም! አንደኛው ዴስክ ገጽ አርባ አንድን፣ ሌላኛው ገጽ አንድ መቶ ስልሳ ሦስትን ያለ አንዳች ጉድለት እየፈጸሙ ነበር። ቅንጅት ማለት ጥረዛ መሆኑን ባለማወቄ እስከዚያ ድረስ ሰውን በከንቱ አማሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሁለቱ ዴስኮች። ለአንድ ርክክብ ፊርማ ፍለጋ ቢሮዎ ስገባ እንዳየሁት የልማት ባለሙያውና የአካባቢ ባለሙያዋ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባ ለጀርባ፣ በመካከላቸው አንድ የብረት መደርደሪያ አቁመው ይሠራሉ። በመስኮቱ ምክንያት ከተጣሉ ዓመት አልፏቸዋል፤ እሷ ንጹሕ አየር ይግባ ትላለች፣ እሱ ከግንባታው የሚነሣው አቧራ ሰነድ ያበላሻል ይላል። ስለዚህ አንዱ ለሌላው የሚለው ነገር ሲኖረው በደብዳቤ ይጽፍና ደብዳቤው ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ወርዶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተመልሶ ይወጣል። እኔ ቆሜ እያለሁ እሱ ስክሪብቶው ወድቆ እግሯ ሥር ቢንከባለል እንኳ «አንሺልኝ» ማለት አቅቶት ወደ እኔ ዞሮ «ጌታዬ፣ እዚያ ማዶ ላሉት ንገሩልኝ» አለኝ፤ እሷም ስክሪብቶውን በእጇ እንደያዘች «በጽሑፍ ይጠይቁ በሏቸው» አለችኝ። በኪሴ ሜትር ስለማይጠፋ በወንበሮቻቸው መካከል ያለውን ርቀት ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። አንድ ደብዳቤ ይህንን ርቀት ለመሻገር አሥራ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ቀንድ አውጣ ከዚያ ቀድሞ ይደርሳል ማለቴ አይደለም፤ ቀንድ አውጣ ማኅተም አያስፈልገውም።

አምስተኛው ምስጋና ስለ ዛፎቹ ነው። እዚህ ላይ ሳቄን ትንሽ ልግታ።

በዳገቱ አናት ላይ ማንም ሪባን ሳይቆርጥላቸው፣ ማንም ፎቶ ሳያነሣቸው ያደጉ ሃያ አምስት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። የተከላቸው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ማንም ስላልዘገባቸው ይመስለኛል ከነላስቲካቸው አልተተከሉም። ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙ ባለፈው ዓመት ከክረምቱ በፊት ተቆረጡ። ምክንያቱም «አካባቢን ሳንጎዳ እንለማለን» የሚለው ግዙፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከዋናው መንገድ ላይ እንዳይነበብ የጋረዱት እነሱ ነበሩ። ሰሌዳው አሁን ግሩም ሆኖ ይነበባል። ከሥሩ ያለው አፈር ግን ማንበብ ስለማይችል በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተነሥቶ መጣ።

የመጣው በእህቴ ጓዳ በኩል ነው። ከላይ በአእምሮዎ ጥግ ያስቀምጡልኝ ያልኩት ግድግዳ ከመሬት ጀምሮ በደረት ልክ ተበሳ፤ ጭቃው አልጋዋን አልፎ፣ የደንበኛ ልብስ ይዞ፣ እስከ ስፌት መኪናዋ መርገጫ ደረሰ። እኔ ስደርስ እህቴ መኪናዋን ለብቻዋ ተሸክማ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አውጥታዋለች፤ ራሷም አጠገቡ ወጥታ፣ ክር በአንገቷ እንደተንጠለጠለ ቆማለች። የዚያን ቀን በደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እህቴ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ተርፋለች።» ጭቃውን ጠርገን ስንጨርስ፣ በኔው አካፋ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ፣ እሷ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየችና «በሚቀጥለው ጊዜ ቀኑን ቢነግሩን ጥሩ ነው፤ ጭቃውም በዕቅድ ቢመጣ እኮ ምንጣፌን አነሣለት ነበር» አለች።

አሁን የቀሩት አሥራ ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ከእህቴ ግድግዳ በላይ በቀጥታ የቆሙት ናቸው። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። ከሦስት ወር በፊት በግቢዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈው እነዚህ አሥራ ስድስቱ ተቆርጠው በቦታቸው የአረንጓዴ ልማት ማሳያ አዳራሽ ይሠራል፤ በአዳራሹም ውስጥ የዛፎች ፎቶ ይታያል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የተማርኩት በሱቅ ስለሆነ ነገሩን በሱቅ ቋንቋ ላስረዳ። ነገ ጠዋት የሱቄን ጣሪያ ቆርቆሮ ነቅዬ ብሸጥ የነገው ሽያጬ የዓመቱ ከፍተኛ ይሆናል፤ ሪፖርት ባደርግም ይጨበጨብልኛል። ከነገ ወዲያ ዝናብ ሲዘንብ ግን ሲሚንቶው ረጥቦ ድንጋይ ይሆናል፣ አካፋው ይዝጋል፣ እኔም ነጋዴ ሳልሆን ጣሪያ የሌለው ሰው እሆናለሁ። አገርም ሱቅ ነው። ዛፉን፣ አፈሩንና ወንዙን ጣሪያ መሆናቸውን ትቶ ሸቀጥ ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ዕቅድ፣ በጣም ትጉህ በሆነ ቁጥር ቤቱን ቶሎ ያፈርሳል። ልማቱን አልጠላሁም፤ እንዲያውም ልማት ካልመጣ አካፋዬን ማን ይገዛልኛል? አዳራሹም ይሠራ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ የተበላሹ መኪኖች የቆሙበት ሜዳ አለ፣ ሻምበል ሲያዛጋ ጠብቄ ገብቼ ለክቼዋለሁ፣ አዳራሹ ገብቶበት ለመኪና ማቆሚያ ይተርፋል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምስጋና ጋር አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ አሥራ ስድስቱ ዛፎች ባሉበት ይቁሙልኝ። እንዲቆጠሩ፣ እንዲመረቁ፣ ሰሌዳ እንዲሰቀልባቸው አልጠይቅም። እንዲያውም ማንም ባያያቸው ይሻላቸዋል።

ጉድጓድዎ አንድ ቀን እንዲጸድቅልዎ፣ ሰሌዳዎ ከሩቅ እንዲነበብልዎ፣ ደብዳቤዎችዎም አንድ ሜትር ከሰባውን በሰላም እንዲያቋርጡልዎ እየተመኘሁ፣ ለሰባት ተከላና ለሰባት ነቀላ ዕቃ በታማኝነት ያቀረብኩ፣ ለስምንተኛው ደግሞ አካፋ አሟልቼ የምጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለሁት ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

መዝጋቢው

ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ለዛፎቹ መቁረጫ የሚሆኑ አሥር መጋዞች ለማቅረብ የወጣውን ጨረታ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ነጋዴ እንዳያሸንፍ አጥብቄ ስለፈለግኩ አትራፊ ዋጋ አልሰጠሁም። መጋዞቹ ከገቡ ሰንበትበት ብለዋል፤ ዛሬውኑ ማስረከብም እችል ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ራስዎ ባጸደቁት ሰነድ ገጽ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ፣ አካባቢን ሊነካ የሚችል ማንኛውም ዕቃ የአካባቢ ዴስክ ማረጋገጫ ሰጥቶ የልማት ዴስክ አብሮ ሳይፈርምበት ርክክብ አይፈጸምም፣ ውሳኔው እስኪሰጥም ጨረታው ለሌላ አይተላለፍም ይላል። ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ ወዲያውኑ አመለከትኩ። ማመልከቻዬ እነሆ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መዝገብ ቤት ወርዷል፤ መጀመሪያ አባሪ ጎደለው ተባለ፣ ቀጥሎ አባሪው በዛ ተባለ። አንቀጹን ልሻረው ቢሉም ሰነዱን ለማሻሻል የሁለቱ ዴስኮች የጋራ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ገጽ ሁለት መቶ ዘጠኝ ላይ አይቻለሁ። ሁለቱ ባልደረቦችዎ እንደተኳረፉ ከቆዩ ማረጋገጫው አይወጣም፣ ዛፎቹም አይቆረጡም። ምናልባት አንድ ቀን ታርቀው፣ ወንበራቸውን አዙረው፣ ገጽ አርባ አንድንና ገጽ አንድ መቶ ስልሳ ሦስትን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያነበቡ እንደሆነ ደግሞ ያን ጊዜ መጋዝ የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም። ለማንኛውም እህቴ ከቁራጭ ጨርቅ ለመጋዞቹ ሽፋን ሰፍታላቸዋለች፤ ብዙ ስለሚቆዩ አቧራ እንዳይጠጡ ብላ ነው።